ስለ ኒው ዮርኩ ምድር ባቡር ጣቢያና ስለ አንድ ልዩ ፈቃድ

በኒው ዮርክ ከተማ የነበረው የፔንሲልቫኒያ ምድር ባቡር ጣቢያ ስለ መፍረሱ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው፥ ከተማው ሕዝቡን ሳይሰማ ቅርሱን ለነጋዴ አሳልፎ ሰጠ የሚል ነው። እኔ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ግን ሕዝቡ ተሰምቶ እንደ ነበረ፥ ዳሩ ግን የተሰማው በሌላ ጥያቄ ላይ እንደ ነበረ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጣቢያው የተከፈተው በ1910 ነው። ማኪም፥ ሚድና ኋይት የተባሉት የሥነ ሕንፃ ባለሞያዎች መጠበቂያ አዳራሹን የሠሩት በሮማ ያለውን የካራካላ መታጠቢያ አብነት አድርገው ሲሆን፥ በውጭ 84 የድንጋይ ዓምዶች ቆመውለት ነበር። ይህን የመሰለ ሕንፃ ለማጽዳትና ለመጠገን ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንገደኛው ወደ አውቶሞቢልና ወደ አይሮፕላን ስለ ዞረ የምድር ባቡሩ ኩባንያ ገቢ እያነሰ ሄደ። ከዚህም የተነሣ በ1961 ከሐዲዱ በላይ የመሥራትን መብት ለማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ባለቤቶች ለመስጠት መስማማቱ ተገለጸ። ጋርደን የቦክስ፥ የቅርጫት ኳስና የበረዶ ሆኪ ግጥሚያ እያሳየ የሚነግድ ድርጅት ነው፤ ከ1925 ጀምሮ በስምንተኛው ጎዳና ላይ ይሠራበት የነበረውን አዳራሽ ትቶ ሌላ ለመሥራት ይፈልግ ነበር። ኩባንያው በምትኩ ከአዲሱ ድርጅት 25 በመቶ ድርሻና ከመሬት በታች የሚሠራ አዲስ ጣቢያ ያገኛል።

በ2 ኦገስት 1962 ሁለት መቶ ያህል የሥነ ሕንፃ ባለሞያዎችና ወዳጆቻቸው ሰሌዳ ይዘው በጣቢያው ደጃፍ ሰልፍ አደረጉ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ባለቤቱ የገዛ ሕንፃውን እንዳያፈርስ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ከንቲባው ሮበርት ዋግነር በዚያው ዓመት የቅርስ ጥበቃ ኮሚሲዮን ቢያቋቁሙም፥ ኮሚሲዮኑ ለማገድ ሥልጣን አልነበረውም። እንግዲህ ማፍረሱ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ፈቃድ የሚጠይቀው መሥራቱ ነው። በ1961 የወጣው የከተማው የቦታ አጠቃቀም ደንብ ከ2,500 ሰው በላይ የሚይዝ የትርኢት አዳራሽ በልዩ ፈቃድ ብቻ እንዲሠራ ያዝዝ ነበርና።

ስለዚህ በጃንዋሪ 1963 የከተማው ፕላን ኮሚሲዮን ሕዝብ የሚሰማበትን ስብሰባ አደረገ። ተቃዋሚዎቹ ለጣቢያው ሊከራከሩ መጡ። ኮሚሲዮኑ ግን በደንቡ መሠረት ሊመረምር የሚችለው ቦታው ለአዳራሹ ተስማሚ መሆኑን፥ ይልቁንም በአካባቢው መንገድ ላይ መጨናነቅ ያመጣ እንደ ሆነ ነው እንጂ፥ የሚፈርሰው ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አልነበረም። ሰዎቹ ስለ ሚፈርሰው ሲናገሩ ችሎቱ የሚመዝነው የሚሠራውን ነበረ። ኮሚሲዮነሮቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንድ ዳኛ ሕግ ያልሰጠውን ጥያቄ ቢፈርድ ነገ ሌላው ዳኛ በዚያው መንገድ የድኻውን ቤት ሊፈርድበት ይችላል። ጥፋቱ በችሎቱ ላይ ሳይሆን፥ ከተማው በጊዜው ሕግ ሳያወጣ በመቆየቱ ላይ ነው የሚለው አሳብ ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል።

ፈቃዱ ተሰጠ። ማፍረሱ በ28 ኦክቶበር 1963 ተጀመረ፤ አዲሱ ጋርደን በፌብሩዋሪ 1968 ተከፈተ። የቅርስ ጥበቃ ሕግ በኤፕሪል 1965 የወጣው በመካከሉ ነው፤ ለዚህ ጣቢያ አልደረሰም፤ ለግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ግን ደርሶ በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን አጸናው።

በ1963ቱ ፈቃድ ላይ ግን እምብዛም ያልተነገረለት አንድ ነገር ነበር። ፈቃዱ የተሰጠው ለ50 ዓመት ብቻ ነው። በ2013 ጊዜው ሲያልቅ ባለቤቶቹ ዘላለማዊ ፈቃድ ጠየቁ፤ አዳራሹንም ገና ማደሳቸው ነበር። (ከ1982 ጀምሮ ከንብረት ግብር ነጻ መሆናቸውን እግረ መንገድ ማንሣት ይገባል።) በዚህ ጊዜ ክርክሩ ተገለበጠ። በ1963 መናገሻ ያጣው ጣቢያ አሁን ዋናው ጉዳይ ሆነ፤ ምክንያቱም ከአዳራሹ በታች፥ ዝቅተኛ ጣራ ባለው ጠባብ መተላለፊያ፥ ከኮቪድ በሽታ በፊት በየቀኑ ከ600,000 በላይ መንገደኛ ይመላለስ ነበር፤ አዳራሹን የተሸከሙት ዓምዶችም እስከ ባቡሩ መሳፈሪያ ድረስ ወርደው መተላለፊያውን ያጣብባሉ። የፕላን ኮሚሲዮኑ 15 ዓመት ይበቃል ሲል፥ የከተማው ምክር ቤት በ47 ድምፅ በ1 ተቃውሞ 10 ዓመት ብቻ ሰጠ። በ2023 ባለቤቶቹ ዘላለማዊውን ፈቃድ እንደ ገና ቢጠይቁ፥ የባቡር መሥሪያ ቤቶቹ አዳራሹ ከጣቢያው ጋር እንደማይስማማ አስረድተው ነበርና፥ ምክር ቤቱ የፈቀደው 5 ዓመት ነው።