ትዝታ፣ መርሳ እና ቤዝ ጊታር

ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው አንድ ቤዝ ይበቃዋል ብሎ የሚያምን ካለ፣ ገና ቤዝ ተጫዋች አልገጠመውም ማለት ነው። መጀመሪያ ባለ አራት ክሩን ይገዛል። ቀጥሎ ባለ አምስት ክሩ ያምረዋል። ከዚያ ደግሞ ፍሬት የሌለውን ይመኛል። ጊታሩ ሲሟላ አምፕሊፋየሩ ያንስበታል፤ አምፕሊፋየሩ ሲተካ ፔዳሉ ይጎድለዋል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲድሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ጠባይ በራሱ ቤት አይቶ ጽፎታል። አዲስ ካባ ቢያገኝ አሮጌው የቤት ዕቃ አላምር አለው፤ አንዱ ዕቃ ሌላውን እየጠራ ቤቱ ሁሉ ተለወጠ፤ እርሱ ግን የናፈቀው አሮጌ ካባውን ነበር። እኛ ይህን አባዜ እንለዋለን።

ለመሆኑ በአገራችን የሙዚቀኛው ፈተና ሁልጊዜ ይህ ነበርን? ታሪኩ ሌላ ነገር ይነግረናል። ለረጅም ዘመን የዘመናዊው ሙዚቀኛችን ችግር የመሣሪያ መብዛት ሳይሆን፣ በእጁ የያዘው መሣሪያ የእርሱ አለመሆኑ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነትም የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ገነኑ። መለከቱም ከበሮውም እንደ ደንብ ልብሱ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር።

ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው «ፕሪሲዥን» የተባለው ቤዝ ጊታር ዓለምን ሲያዳርስና የኤሌክትሪክ ባንዶች በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ሲፈሉም፣ ባለቤትነቱ ከመንግሥት ወደ ክበብ ጌታ ተዛወረ እንጂ ሙዚቀኛው እጅ አልገባም። ጊታሩም አምፕሊፋየሩም የቤቱ ነው፤ ከቤቱ የወጣ ባዶ እጁን ይወጣል። መሣሪያ የሌለው ሰው ደግሞ በዋጋው ሊደራደር፣ በሥራው ሊኮራ እንደምን ይቻለዋል?

የዋሊያስ ባንድ ልጆች የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ከክበብ ባለቤት ጥገኝነት መውጣታቸው ትልቅ እርምጃ የሚሆነው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር «ቸ በለው» የተሰኘውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም ሠሩ። በ1981 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ሲጫወቱ፣ እዚያው ከቀሩት አራት አባላት አንዱ ቤዝ ተጫዋቹ መላከ ገብሬ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ቤዝ መግዛት አባዜ አልነበረም፤ አርነት ነበር። የአይቤክስ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮንም እናስብ። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 ሲቀረጽ ከታች የሚሄደው ወፍራም ድምፅ የእርሱ ነው። ያን ቤዝ የሰማ አድማጭ «ምን ዓይነት ጊታር ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ማን ነው?» ይላል እንጂ። በኋላ ዘመን ኪቦርድ ሲሰለጥን፣ በብዙ ክበብና በብዙ ካሴት ይኸው ወፍራም ድምፅ ለኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ተሰጠ፤ ቤዝ ተጫዋቹም ከወንበሩ ተነሣ።

አሁን ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ፣ ቅኝቶቹ ወደሚጠሩባት ምድር እንሻገር። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ ሐብሩ ወረዳ ውስጥ መርሳ ይደርሳል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ አራቱም ቅኝቶች ከወሎ ስም ጋር የተቆራኙ ናቸው። አምባሰል በዚሁ መንገድ ላይ ያለ አገር ነው፤ ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። በዚህ ምድር አዝማሪው አራቱን ቅኝቶች የሚያወጣው በአንድ አውታር ነው። ማሲንቆው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንዲት አውታር ብቻ አለችው፤ ፍሬት የለውም፤ ድምፁን የሚያገኘው ጣቱ ነው። በገና እንኳ አሥር አውታር ተሸክሞ፣ በጣት ሲደረደር የሚመቱት አምስት ወይም ስድስት ናቸው፤ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ይሆናሉ።

ይህ የእኛ ብቻ ጥበብ አይደለም። በሞታውን ኩባንያ ዘፈኖች ዓለምን ያስጨፈረው ጄምስ ጀመርሰን ለብዙ ዘመን የሠራው በአንዲት የ1962 ፕሪሲዥን ቤዝ ነበር። ክሯን ከስንት አንዴ ቢለውጥ ነው፤ የሚመታትም በአንድ ጣት ነበር።

ይሁን እንጂ ሁሉን ገዢ በአንድ ሚዛን መመዘን ግፍ ነው። ፍሬት የምዕራቡን አሥራ ሁለት ድምፆች በብረት ያሠረ አጥር ነው፤ የቅኝቶቻችን ድምፅ ግን ሁልጊዜ ከአጥሩ ላይ አያርፍም። ማሲንቆ የሚያለቅስባትን ያችን የመሐል ድምፅ በቤዝ ለማግኘት ፍሬት አልባ ጊታር የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል፤ ድምፁ አስቀድሞ በጆሮው ውስጥ አለ፤ መሣሪያው ተከትሎ ይመጣል። አባዜ የሚሆነው ነገሩ ሲገለበጥ ነው፤ መሣሪያው ቀድሞ መጥቶ ድምፁ ሳይከተል ሲቀር።

ጆሮ በስም መጫወት ይወዳልና፣ በትዝታ አገር መርሳ የምትባል ከተማ መኖሯ ያሳስባል። አዲስ መሣሪያ ሁሉ ከእነ ሳጥኑ ቤት ሲገባ ትናንት የተገዛውን ያስረሳል፤ ከትናንቱ ጋር ገና ያልተጨረሰውን ልምምድም አብሮ ያስረሳል። ትዝታን ግን የሚጫወተው ያልረሳ እጅ ነው። እጅ ደግሞ በገበያ አይገኝም፤ ከአንዲት አውታር ጋር ብዙ ሌሊት ሲያድር ይሠራል።