ባሕረ ሐሳብና ብቸኛ ቁጥሮች

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በእንጦጦ ራጉኤል፣ በየካ ሚካኤልና በሌሎችም አድባራት የዘመን ቈጠራ ሊቃውንት የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ለምእመናን ያውጃሉ። እኔም በየካ ሳድግ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉትን ቃላት እየሰማሁ ነበር፤ በውስጣቸው ያለውን የሒሳብ ምሥጢር ያስተዋልሁት ግን ምህንድስና ከተማርሁ በኋላ ነው።

የስሌቱ መንገድ አጭር ነው። 2018 ዓ.ም.ን ብንወስድ፣ 5500 ዓመተ ፍዳ ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13 ነው፤ አንድ ሲቀነስለት ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ነው። 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ፣ የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ምን ጊዜም 30 ነው።

19 የተመረጠው 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እጅግ ስለሚቀራረቡ ነው። ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት ገደማ በአቴናው ሜቶን ስም የታወቀ ዑደት ነው። ይሁን እንጂ 19 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። በመሆኑም ሰባቱ ዕለታትና አራቱ ወንጌላውያን ከሚያስገኙት የ28 ዓመት ዐውደ ፀሐይ ጋር የሚጋራው አካፋይ ስለሌለ፣ ሁለቱ ዑደቶች ተመልሰው የሚገጥሙት በ28 × 19 ማለት በ532 ዓመት ነው። ይህም ዐቢይ ቀመር ይባላል። በ19 ፈንታ 21 ቢሆን ኖሮ፣ 7 የጋራ አካፋይ ስለሚሆን ዑደቱ በ84 ዓመት ባለቀ ነበር። አሁን ያለንበት ዐሥራ አምስተኛው ቀመር በ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በ2480 ዓ.ም. ይፈጸማል።

የማርሽ ሥራ የሚያውቅ ባልደረባ ይህን ሕግ ወዲያው ይለየዋል። 19 እና 28 ጥርስ ያላቸው ማርሾች ሲነካከሱ፣ አንድ ጥርስ ከቀድሞ ጓደኛው ጋር ዳግመኛ የሚገናኘው 532 ጥርሶች ካለፉ በኋላ ነው፤ ስለዚህም መበላቱ ለጥርሶቹ ሁሉ ይዳረሳል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የተገኘው ታላቅ ብቸኛ ቁጥርም ከዚህ ጥበብ የራቀ አይደለም። 136,279,841 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኘው ይህ ቁጥር 41,024,320 አኃዞች አሉት። ብቸኛነቱ የተረጋገጠበት የሉካስና የሌመር ፈተና ከ4 ይነሣል፤ ቁጥሩን በራሱ ያባዛል፣ 2 ይቀንሳል፣ በሚፈተነው ቁጥር ይገድፋል፣ ቀሪውን ይዞ ይደግማል። አምስት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኘውን 31ን ብንፈትን፣ ተራው 4፣ 14፣ 8፣ 0 ይሆናል፤ መጨረሻው ዜሮ ስለሆነ 31 ብቸኛ ነው።

መግደፍና ቀሪውን መያዝ የቀመር ሊቃውንታችን የዘወትር ሥራ ነው። እኛ መሐንዲሶች ግን ባሕረ ሐሳብን የቤተ ክህነት ጉዳይ ብቻ አድርገን ትተነዋል። ልጆቻችን የቀሪን ሒሳብ ከባዕድ መጽሐፍ እንደ አዲስ ነገር ከሚማሩት፣ መስከረም 1 ቀን ከሚሰሙት ዐዋጅ ቢጀምሩ ይቀናቸዋል።