«ቀጣዩ ማን ይሆን?»፦ ስለ ሟርት፣ ስለ መርዶ እና ስለ ተዘጋ በር

የዛሬዋ ጽሑፍ ትንሽ ትረዝማለች። ቡናው እስኪፈላ አንብቧት።

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞር አንድ ነገር አለ። ያረጁ ወይ የታመሙ ታዋቂ ሰዎች ስም ይደረደራል፤ ከስሙ አጠገብ ዕድሜው፣ ከዚያ «ስኳር»፣ «ኩላሊት»፣ «ውጭ አገር ሕክምና ላይ» የሚል ማስታወሻ ይጻፋል። ከላይ «ቀጣዩ ማን ይሆን?» ይላል፣ ሰዉም ይገምታል። እናቶቻችን ለዚህ ነገር አጭር ስም አላቸው፤ ሟርት ይሉታል። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ድሮም ነበር እንዴ?» አለኝ።

ነበር። እንዲያውም ከእኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ነበር። ከኡራኤል ተነስቶ በካዛንቺስ በኩል ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ታላቁ ቤተ መንግሥት በእግር የሚደረስ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ታላቅ ሰው ለዓመታት ታመው ተኝተው፣ አገር በሙሉ፣ ከአገር ውጭም ያሉ መንግሥታት ጭምር፣ የሚሞቱበትን ቀን ሲገምቱ ኖረዋል። ዓፄ ምኒልክ።

ነገሩን ከመጀመሪያው እንየው። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ራስ መኮንን ቁልቢ ላይ አረፉ። ብዙ ሰው ከምኒልክ በኋላ ዙፋኑን ይወርሳሉ ብሎ የሚያስበው እሳቸውን ነበር። በዚያው ዘመን ገደማ የንጉሠ ነገሥቱም ጤና መታወክ ጀመረ። ያን ጊዜ ጎረቤት ቅኝ ገዢዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በታኅሣሥ 1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ውል ተፈራረሙ። ወረቀቱ ላይ የኢትዮጵያን አንድነት እናከብራለን ይላል። ግን ያለው ሁኔታ ቢናጋ እያንዳንዳቸው የትኛውን ጥቅም እንደሚያስጠብቁም ተስማምተውበታል፦ እንግሊዝ የዓባይን ውኃ፣ ፈረንሳይ የባቡሩን መስመር፣ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ መሬት። ሰውዬው ገና በሕይወት ሳሉ ነው እኮ! ዛሬ በቴሌግራም የሚዞረውን ዝርዝር የዚያን ጊዜ በማኅተም አጽድቀውት ነበር ማለት ነው።

ምኒልክ ይህን ያልተረዱ ሰው አልነበሩም። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾሙ። በግንቦት 1901 የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው አስታወቁ። ኢያሱ ገና ልጅ ስለነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑ። በጥቅምት 1902 ከባዱ ሕመም መጣና ንጉሠ ነገሥቱን አልጋ ላይ ጣላቸው፤ ከዚያ በኋላ መንግሥት መምራት አልቻሉም።

እንግዲህ ግምቱ ያን ጊዜ ነው የጦፈው። ዛሬ አረፉ፣ ትናንት አረፉ፣ አይ ደህና ናቸው። የሚገባ ሐኪም፣ የሚወጣ መነኩሴ፣ የተዘጋ መስኮት፣ ሁሉም ይተረጎማል። እቴጌ ጣይቱ በታመመው ባላቸው ስም አገሩን መምራት ያዙ። መኳንንቱ አላስቻላቸውም፤ በመጋቢት 1902 ከሥልጣን አገለሏቸው። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰውዬው ሳይሞቱ ነው። የአንድ ሰው ትንፋሽ መኖርና አለመኖር የስንቱን ዕጣ ይወስን እንደነበር አስቡት።

አሁን ደግሞ የታሪክን ምፀት ተመልከቱ። ምኒልክ ሲሞቱ አገሩን ይይዛሉ የተባሉት ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ራሳቸው ሞቱ፣ ምኒልክ ገና አልጋቸው ላይ እያሉ። ራስ መኮንን ቀድመው ሄደዋል፣ ራስ ተሰማ ቀድመው ሄዱ፣ «ዛሬ ነገ ነው» የተባሉት ሰው ግን ከነሕመማቸው ቆዩ። ዓፄ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው።

ሲያርፉም ጥሩምባ አልተነፋም። መርዶው ለሕዝብ በይፋ አልተነገረም። አስከሬናቸው በዚያው በግቢ፣ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በምስጢር ተቀመጠ። ኋላ ነው ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ያረፉት። የዓድዋ ንጉሥ፣ አገር ሙሉ ሊያለቅስላቸው የሚገባ ሰው፣ በሞቱ ሰሞን ሕዝባቸው እርሙን አላወጣም። ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ ቆይተው መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ ከሥልጣን ተሻሩ።

ለምን ደበቁ? ክፋት ብቻ አይደለም። ሰዎቹ የመተማ ትዝታ ነበራቸው። በመጋቢት 1881 ዓፄ ዮሐንስ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ጦራቸው ሊያሸንፍ ተቃርቦ ነበር ይባላል። ንጉሡ መመታታቸው ሲሰማ ግን ሠራዊቱ ተበተነ። አስከሬናቸው እንኳ በጠላት እጅ ወደቀ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ትውልድ የንጉሥ ሞት ወሬ ከመድፍ በላይ እንደሚገድል ያውቃል። ስለዚህ መደበቁ ምክንያት ነበረው። ግን ከመደበቁ ምን ተረፈ? ግምት፣ ሐሜት፣ ሴራ። ንግሥት ዘውዲቱ ራስ ጉግሣ ወሌ አንችም ላይ በወደቁ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24 ቀን 1922፣ ሲያርፉ አንዱ ሕመም ነው አለ፣ አንዱ ድንጋጤ ነው አለ፣ አንዱ መርዝ ነው አለ። የቤተ መንግሥቱን ቃል ላለማመን የለመደ ሕዝብ እውነት ሲነገረውም አያምንም።

ወደ ጃንሆይ ዘመን እንምጣ። በሐምሌ 1964 ንጉሠ ነገሥቱ 80 ዓመት ሞላቸው። የዚያን ጊዜ የከተማው ትልቁ ጥያቄ «ከጃንሆይ በኋላ ማን?» የሚል ነበር። ሁሉም ዓይኑን በሽማግሌው ላይ ተክሎ ሳለ በጠና የታመሙት አልጋ ወራሹ ሆኑ። በ1965 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ለሕክምና ወደ አውሮፓ ተወሰዱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ዘውዱም አልጋውም የለም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን በቮልስዋገን ጭኖ ወሰዳቸው። ሰው «ማን ይሞታል?» ሲል ከርሞ የሞተው ሥርዓቱ ሆነ።

ሞታቸውም ያው በተዘጋ በር ውስጥ ነው የተፈጸመው። በነሐሴ 1967 በሕመም ምክንያት አረፉ ተብሎ ተነገረ። ቀብር የለ፣ ለቅሶ የለ። ከደርግ ውድቀት በኋላ አስከሬናቸው ከዚያው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በቀረበው ክስም ታፍነው መገደላቸው ተጠቀሰ። በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው። ከ25 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የእናንተ ዘመን ደግሞ ይቀጥላል። የ2004ን ክረምት የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ያኔ ገና ደብተር ተሸክማችሁ ትመላለሱ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በሰኔ ሜክሲኮ ለቡድን 20 ስብሰባ ከታዩ በኋላ ጠፉ። በሐምሌ እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አልተገኙም። መንግሥት እያገገሙ ነው አለ። ውጭ ያሉ ሚዲያዎች ሞተዋል አሉ። ስለ ጤናቸው የጻፈው ፍትሕ ጋዜጣ እንዳይሠራጭ ታገደ። ታክሲ ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አለ? የለም?» ይባባል ነበር። ያኔም አገር ሁሉ ስለ አንድ ሰው ሲገምት ማንም ያልገመታቸው ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ነሐሴ 10 ቀን አረፉ። አቶ መለስ ነሐሴ 14 ቀን ብራስልስ ውስጥ ሞቱ፤ በማግሥቱ በቴሌቪዥን ተነገረ።

ከዚህ ሁሉ እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ግምቱ ዞሮ ዞሮ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። ራስ መኮንን፣ ራስ ተሰማ፣ አልጋ ወራሹ፣ አቡነ ጳውሎስ፤ ሁሉም ሰው ሌላውን ሲጠብቅ ቀድመው የታመሙ ወይም የሞቱ ናቸው። ሁለተኛው ይበልጣል። «ማን ይሞታል?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ የሌላ ጥያቄ መሸፈኛ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ሲሄዱ ምን ይቀራል?» ነበር። አገሩ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል፣ በሩም ሲዘጋ፣ ሰው ከመገመት በቀር ምን አማራጭ አለው? የዚያን ጊዜ ገማች ቢያንስ ሰበብ ነበረው፦ ንጉሡ ሲሞት የእርሱም ኑሮ ይናጋል።

የዛሬው ገማች ግን ሰበቡ ምንድን ነው? አንድ አንጋፋ ድምፃዊ ቢያርፍ ጦር አይበተንም፣ ውል አይፈረስም። ለጨዋታ ነው፣ ለላይክ ነው። ይህም ቢሆን በዓለም አዲስ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር ሰዎች በማያውቁት ታዋቂ ሰው ሕይወት ላይ ኢንሹራንስ እየገቡ ይወራረዱ ነበር። ሰውዬው ቶሎ ከሞተ አትራፊ ነህ። ነገሩ እንደማያዋጣ ያየው ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1774 በሕግ ከለከለው፤ በመኖሩ ጥቅም በሌለህ ሰው ሕይወት ላይ ኢንሹራንስ መግባት አትችልም አለ። ሕጉን በአማርኛ ባስረዳ እንዲህ እላለሁ፦ ሞቱ የማይጎዳህን ሰው ሞት አትነግድበት።

እኛ ደግሞ ሕግ ሳያስፈልገን የራሳችን ሥርዓት ነበረን። መርዶ ይባላል። በእኛ ባህል ሞት እንዲሁ አይነገርም። መጀመሪያ ይጣራል። ከዚያ ማን ይንገር ተብሎ ይመከራል። ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማ፣ መንገድ ላይ እንዳይሰማ፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ይነገረዋል፤ ደግፎ የሚይዘው ሰው ከጎኑ ይሆናል። ሰፈር ውስጥም የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ዝም ብሎ አይነፋም። ቤተሰብ ለእድሩ ዳኛ ይናገራል፣ ዳኛው ያዝዛል፣ ከዚያ ነው ጥሩምባው የሚሰማው። በሕይወት ላለ ሰው ጥሩምባ የነፋ ለፋፊ እኔ ሰምቼ አላውቅም።

ቤተ መንግሥቱ መርዶን ቀበረው፤ ስልካችን ደግሞ ባለቤት አሳጣው። ካዛንቺስ በ2017 ከፈረሰ፣ ሰዉም በየአቅጣጫው ከተበተነ ወዲህ ለቅሶ እንኳ በስልክ ነው የምንሰማው። ባለፈው ዓመት እኛ አካባቢ የሚኖሩ፣ ድሮ መድረክ ላይ የነበሩ አንድ አባት ፎቶ ከሻማ ጋር ተለጥፎ ዞረ። ሰውየው ቤታቸው ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነበር። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ግን ያየችው ሥራ ቦታዋ ላይ፣ ብቻዋን፣ የሚይዛት ሰው በሌለበት ነው። እስክትደውልና ድምፃቸውን እስክትሰማ ያለፈችበትን ሰዓት ማን ይክሳታል? አባትየውስ የራሳቸውን «ነፍስ ይማር» ከ400 ሰው በላይ ጽፎ ሲያነቡ ምን ተሰማቸው? ሲነግሩኝ ሳቁ። «አንድም ሰው በሕይወት እያለሁ እንዲህ አመስግኖኝ አያውቅም» አሉኝ። ሳቁ እንጂ ነገሩ አያስቅም።

ጥላሁን ገሠሠን አስቡት። በስኳር ሕመም እግሩን ካጣ በኋላ ስለ ጤናው የማይባል ነገር አልነበረም። እርሱ ግን በዚያ ሁሉ መሀል ኖረ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001፣ በትንሣኤ ዕለት አረፈ። ሕዝቡም በግልጽ፣ በአደባባይ አለቀሰለት፤ ቀብሩ በመንግሥት ደረጃ በቅድስት ሥላሴ ተፈጸመ። ዓፄ ምኒልክ በሞቱ ሰሞን ያላገኙትን ለቅሶ ዘፋኙ አገኘ። በሩ ክፍት ሲሆን ሰው እርሙን በወጉ ያወጣል።

ስለዚህ ትክክለኛውን ጥያቄ እንመልሰው፦ ሲሄዱ ምን ይቀራል? ዛሬ ስማቸው ለግምት የሚደረደር አንጋፋዎች ከደራሲ፣ ከተዋናይ፣ ከሙዚቀኛ ስንቱ ታሪኩን በድምፅ ቀርጾ አስቀምጧል? ስንቱስ ሲታመም ለሕክምና በቴሌቪዥን ይለመንለታል፣ ሥራው ግን በየሚኒባሱ በነጻ ይዘፈናል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለሞቱ የምንቸኩለውን ያህል ለመብቱ ብንቸኩል ኖሮ ስንቱ ሽማግሌ በራሱ ገንዘብ ይታከም ነበር።

ልብ ብላችሁ ከሆነ በዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ በሕይወት ያለ የአንድም ታዋቂ ሰው ስም አልጠራሁም። ሆን ብዬ ነው።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፣ መቼም አስተማሪ አይደለሁ። በየሰፈራችሁ አንድ አዛውንት አለ፤ ዘፋኝ ይሁን ወታደር፣ መምህር ይሁን ነርስ። በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ አንድ ሰዓት አጫውቱት፣ ካስፈቀዳችሁ በኋላ በስልካችሁ ቅረጹት። ስለ ሞቱ ወሬ ስትሰሙ ደግሞ ቤተሰቡ እስኪናገር ጣታችሁን ያዙት። ሞት እንደሆነ ማንም ሳይገምትለት ይመጣል።

ቸር ወሬ ያሰማን።