ከአቃቂ እስከ ዳናኔ፦ ያለ ፍርድ የተጋዙት

ግዞት ለኢትዮጵያ ታሪክ እንግዳ ቃል አይደለም። የነገሥታቱ ሥርዓት ተቀናቃኙን በአምባ ላይ ሲያስር፣ በቁራኛ ሲያስጠብቅ ኖሯል። ልጅ ኢያሱ በፍቼ፣ ኋላም በጋራ ሙለታ መታሰራቸው የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ነው። የቀድሞው ግዞተኛ ግን በአሳሪውም ዘንድ ስሙና ማዕረጉ የታወቀ ሰው ነበር። በ1929 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ ያመጣው ግዞት ከዚህ የተለየ ነው፤ ሴቱን ከነልጁ፣ ካህኑን ከምርኮኛው ወታደር ጋር አንድ ላይ ያጋዘ ነበር። ከእነዚህ ግዞተኞች ከፊሎቹ የተነሡት ከአቃቂ ነው።

አቃቂ በፋብሪካዎቿ ከመታወቋ በፊት የታወቀችው በራዲዮ ጣቢያዋ ነበር። ጣቢያውን ለመሥራት በ1931 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውል የገባው አንሳልዶ የተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ ሲሆን፣ ሥራው የተጠናቀቀው በ1927 ዓ.ም. ነው። የወረራው ደመና ባንዣበበበት በመስከረም 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ለአሜሪካ ሕዝብ የተናገሩት ከዚሁ ጣቢያ ነበር። ጦርነቱን ሊዘግቡ የመጡ የውጭ ጋዜጠኞችም ወሬያቸውን በእርሱ በኩል አስተላልፈዋል። የአገሪቱ ድምፅ ለዓለም ይሰማ ዘንድ የተሠራው ሥፍራ ብዙም ሳይቆይ ድምፃቸው እንዳይሰማ የተፈረደባቸው ሰዎች መታጐሪያ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት ይታወቃል። ከግድያው ቀጥሎ እስራቱ መጣ። ከመሳፍንቱ ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው በሰርዴኛ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ አዚናራ ደሴት ተላኩ። ሌሎች ግን በአቃቂ ከታጐሩ በኋላ በካሚዮን ተጭነው ወደ ሶማሊያ ተነዱ። በኋላ አገራቸውን በአምባሳደርነት ያገለገሉት እምሩ ዘለቀ ገና ልጅ ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር በዚህ መንገድ ከተጋዙት አንዱ ናቸው። ልጅ ምን ወንጀል ይሠራል ብሎ የጠየቀ ሹም አልነበረም።

እንግሊዞች የአየርላንድን ሰዎች ከ1791 እስከ 1868 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ሲያግዙ ጭካኔያቸው ቀላል አልነበረም። ሆኖም እስረኛው ዳኛ ፊት ይቆም ነበር፤ ክሱ ይነበብለታል፤ 7 ዓመት፣ 14 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ተብሎ ይወሰንበታል። ከአቃቂ የተነሣው ግዞተኛ ይህን እንኳ አላገኘም። ክሱም ዘመኑም አልተነገረውም።

ዳናኔ ከሞቃዲሾ በስተደቡብ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚገኝ ሥፍራ ነው። እስር ቤቱ የተቋቋመው በ1928 ዓ.ም. ግራዚያኒ የሶማሊያ ገዥ በነበረበት ጊዜ ነው። ደጋ የለመደው ሰው በዚያ ሐሩር አሸዋ ላይ ጨው ያለበት የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ፣ ትል ያፈራ ብስኩት እየበላ፣ በወባና በተቅማጥ አለቀ። ሦስት ዓመት ተኩል በዚያ የቆዩት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በመሐላ በሰጡት ቃል፣ ከ6,500 እስረኞች 3,175 ሞተዋል ብለዋል። ግራዚያኒ ያመነው ጠቅላላ የእስረኛ ቁጥር ግን 1,800 ያህል ብቻ ነው። ሁለቱን ማመዛዘን የታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነው፤ መዝገቡ በአሳሪው እጅ እንደነበረ መዘንጋት ግን አይገባም። ዳናኔ ነፃ የወጣው የእንግሊዝ ጦር ሶማሊያን በያዘበት በ1933 ዓ.ም. ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት የምስክሮቹን ቃል ሰብስቦ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበ። በየካቲት 1940 ኮሚሽኑ ባዶሊዮና ግራዚያኒ በጦር ወንጀለኛነት ሊከሰሱ የሚያበቃ ማስረጃ መኖሩን ተቀበለ። ተከሳሾቹን ለፍርድ የሚያቀርብ ኃያል መንግሥት ግን አልተገኘም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. ሮማ ላይ በወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ክሱ ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥም ተፈታ። ያ ክስ ዳናኔን የሚመለከት አልነበረም።