ተራ የማይጠበቅበት ጦርነት

እ.ኤ.አ. በ2012 ዩኒቨርሳል የተባለው የሆሊውድ ኩባንያ «ባትልሺፕ»ን ለእይታ አበቃ። ዳይሬክተሩ ፒተር በርግ ነው። ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት ይህ ፊልም መነሻው ልብ ወለድ ሳይሆን የሰሌዳ ጨዋታ ነበር፤ ሁለት ሰዎች የተደበቁ መርከቦችን በግምት የሚመቱበት፣ መጀመሪያ በወረቀትና በእርሳስ የሚካሄድ፣ በ1967 ሚልተን ብራድሊ በፕላስቲክ ሠርቶ የሸጠው። ፊልሙ ከሌላ ዓለም የመጡ ወራሪዎችን፣ ዘፋኟን ሪሃናንና ጃፓን በ1945 እጇን የሰጠችበትን «ሚዙሪ» የተባለ የጦር መርከብ ጨመረበት። ጨዋታውን የሚያስታውሰው ግን አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፦ መርከበኞቹ ራዳር አልሠራ ሲላቸው የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ተንሳፋፊዎችን እያዩ ጠላት የት እንዳለ ይገምታሉ። የቀረው ፍንዳታ ነው።

እኛም ዘንድ የሰሌዳ ጦርነት ነበረ። ገበጣን አይደለም የምለው፤ የአገራችንን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን ነው። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ምዕተ ዓመት ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። በ1805 እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ ተመልክቷል። ጠጠሮቹ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ፤ የተጋጣሚን ጠጠር የሚበላ ሰው በኃይል መትቶ ከቦታው ያነሣዋል። ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ «ይህን አንሣ» እያለ ይመክራል። ሶልት ግን አንድ ነገር አስተውሏል፤ ያ ሁሉ ምክር ተሰጥቶ የሚያሸንፉት ራስ ናቸው።

ከሶልት በኋላ የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን መጣ። እሱ በ1849 የእንግሊዝን ውል የተዋዋለው ከየጁው ራስ ዓሊ ጋር ነው። የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ከደሴ በስተ ምዕራብ ከሚገኘው ከወረ ሂመኖ ገዢዎች የተወለዱ ስለሆኑ፣ ፕላውደን ያወቀው ቤተ መንግሥት በከፊል የወሎ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ፕላውደን በ1860 ጎንደር አጠገብ ተገደለ፤ ወንድሙ በ1868 ባሳተመለት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሰንጠረዥ የጻፈው ይገኛል።

ሰሌዳው ብዙ ጊዜ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ነው። የመክፈቻው ምዕራፍ ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፣ በፈለጉት ፍጥነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አንድ ጠጠር ሲነሣ ሩጫው ይቆምና ተራ ይጀመራል። አጨራረሱም ሥርዓት አለው። ንጉሡን በጠንካሮቹ ጠጠሮች፣ በፈረስ ወይም በደር፣ መያዝ ጥበብ የሌለው ድል ነው፤ በደካሞቹ፣ በፊል ወይም በፈርዝ፣ ይሻላል፤ በእግረኛ ወታደር የያዘ ይጨበጨብለታል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ ስለማይያዝ፣ አጥቂው ጠላቱን ጨርሶ እንዳያራቁት መጠንቀቅ አለበት። የድራማ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሰንጠረዥ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በመኳንንቱ ዘንድ ይዘወተር ነበር። ሕጎቹን ሪቻርድ ፓንክረስት ሰብስቦ በ1971 አሳትሟቸዋል። እንደ እኔ «ባትልሺፕ» የተሳሳተው የጨዋታውን ስም ገዝቶ ሕጉን በመተዉ ነው። በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በደጋን ካሜራ የያዘ ወጣት ከዚህ ታሪክ ፊልም ልሥራ ካለ፣ ፍንዳታውን ትቶ ከጨዋታው መክፈቻ፣ ከወረራው ይጀምር፤ ለዚያ ቀይ ጨርቅና ሁለት ጥሩ ተዋንያን ይበቁታል።