ከወጥ ቤት የወጣ መጽሐፍ

የአገር አንድነት ታሪክ ሲጻፍ ንጉሡ፣ ጄኔራሉና ሰንደቅ ዓላማው ይነሣሉ። ድስቱንና ማማሰያውን ግን ማን ያነሣል? ጣሊያን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1861 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መንግሥቱ አንድ ይሁን እንጂ ሕዝቡ የሚናገረው በየአውራጃው ቋንቋ፣ የሚበላውም በየአውራጃው ልማድ ነበር። ይህን አጥር ከነቀነቁት አንዱ የሐር ነጋዴ ነበር ቢባል ማን ያምናል?

ሰውዬው ፔሌግሪኖ አርቱሲ ይባላል። በ1820 በሮማኛ አውራጃ፣ ፎርሊምፖፖሊ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከደኅና ነጋዴ ቤት ተወለደ። በጥር 1851 «ኢል ፓሳቶሬ» የተባለው ሽፍታ ከነግብረ አበሮቹ የከተማይቱን ቲያትር ቤት ያዘ፤ ሀብታሞቹን እዚያው አግቶ ቤታቸውን ዘረፈ። የነአርቱሲም ቤት አልቀረለት። እኅቱ ጌርትሩዴ በዚያ ሌሊት በደረሰባት ግፍ አእምሮዋን ሳተች። ቤተ ሰቡም ተነቅሎ ፍሎረንስ ገባ።

አርቱሲ እዚያ ነግዶ ከበረና ንግዱን ትቶ ወደ መጻሕፍትና ወደ ምድጃ ዞረ። በ1891፣ በ71 ዓመቱ፣ «የወጥ ቤት ሳይንስና ደኅና የመብላት ጥበብ» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። አሳታሚዎች ስለናቁት 1,000 ቅጂ ያሳተመው በገዛ ገንዘቡ ነው። ሁለት ቅጂ ለትውልድ ከተማው የበጎ አድራጎት ሎተሪ ቢሰጥ፣ ዕጣው የወጣላቸው ሰዎች ወስደው ለትምባሆ ሻጭ ሸጡት!

መጽሐፉ ግን አልሞተም። በፈረንሳይኛ የተበረዘውን የወጥ ቤት ቋንቋ ትቶ፣ በጠራ ጣሊያንኛ፣ እየቀለደና እያወጋ የተጻፈ ነበርና ተወደደ። አንባቢዎች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ከየአውራጃው የየቤታቸውን አሠራር ይልኩለት ጀመር። በ475 የምግብ አሠራር የተጀመረው መጽሐፍ በ1911 790 ደረሰ። ፒዬሮ ካምፖሬዚ የተባለው ምሁር በ1970 እንደ ጻፈው፣ ይህ መጽሐፍ ለጣሊያን አንድነት ከታላቁ የማንዞኒ ልብ ወለድ የበለጠ ሠርቷል።

ታዲያ እሳቱ ዳር የቆመው ማን ነበር? ማሪየታ ሳባቲኒና ፍራንቼስኮ ሩፊሊ የተባሉ የቤቱ ሠራተኞች ናቸው። የተላከውን እየሠሩ የሚፈትኑት እነሱ ነበሩ። አርቱሲ ይህን አልካደም፤ አንዱን ጣፋጭ ዳቦ በማሪየታ ስም ጠራው። በ1911 በ90 ዓመቱ ሲሞትም የመጽሐፉን የደራሲነት መብት ለሁለቱ አወረሰ። ጌታ በአሽከሩ እጅ ሠርቶ በራሱ ስም በሚከብርበት ዘመን፣ ይህ እኮ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም አናጋን። ያ ገበታ የመካከለኛው መደብ ገበታ ነው። የደቡቡ ምግብ እምብዛም አልተወሳበትም። በዚያው ዘመን የሰሜኑ ገበሬ ከበቆሎ ገንፎ በቀር የሚበላው አጥቶ፣ ቆዳን በሚያቆስለውና አእምሮን በሚያውከው ፔላግራ ያልቅ ነበር። የምግብ መጽሐፍ የተበላውን ይነግረናል፤ ያልተበላውን መጠየቅ የኛ ፈንታ ነው።

እንግዲህ የታሪክ ተማሪ ቤተ መዛግብት ብቻ ሳይሆን ጓዳም ይግባ። ከድስቱ ጀርባ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ማሪየታዎች አሉ።