ሶንግ፦ መፍታታት

ታይ ቺ የተባለው የቻይና ማርሻል አርት መምህር ልምምድ ሲያሠራ ከሌላው ሁሉ አብዝቶ የሚያሰማው ቃል «ሶንግ» ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ግ» በአፍንጫ ይዋጣል እንጂ ጎልቶ አይሰማም። ብዙ ጊዜ «ዘና በል» ተብሎ ይተረጎማል፤ ይህ ግን ጀማሪውን ያሳስታል። ዘና ማለት ከሥራ በኋላ ሶፋ ላይ የሚመጣ ነው። ሶንግ ግን ጉልበትን ሸብረክ አድርጎ ቆሞ፣ ጭን እየተቃጠለ የሚሠራ ሥራ ነው። በአማርኛ «መፍታታት» ቢባል ይሻላል።

ቃሉ የሚጻፍበት ጥንታዊው የቻይና ፊደል ሁለት ክፍል አለው። የላይኛው ረጅም ጠጉርን ያመለክታል፤ የታችኛው ፓይን የተባለው ጥድ መሰል ዛፍ ሲሆን የገባው ለድምፁ ነው። ፊደሉ በጠቅላላው ያልታሰረ፣ የተበተነ ጠጉር ማለት ነው። በዋናው ቻይና ፊደሎች ሲቃለሉ ጠጉሩ ቀርቶ ዛፉ ብቻ ተረፈ። ዛሬ ቃሉን በዛፉ የሚያስረዱ መምህራን አሉ፦ ግንዱ ቀጥ፣ ቅርንጫፎቹ ወደ ታች ዘንበል። ማብራሪያው ከፊደሉ ታሪክ ጋር ባይገጥምም ለልምምዱ በጣም ይጠቅማል።

የታይ ቺ መምህሩ ያንግ ቼንግፉ (እ.ኤ.አ. 1883–1936) በቃል ሰጥቶ ተማሪው ቼን ዌይሚንግ የጻፋቸው አሥር መመሪያዎች በታይ ቺ ዓለም የታወቁ ናቸው። ሦስተኛው «ሶንግ ያኦ»፣ ማለትም ወገብን ማፍታታት ነው። ወገቡ የተፈታታ ሰው እግሩ ኃይል ያገኛል፣ አቋሙም ይጸናል። የታችኛው ጀርባ ጡንቻ ሲገተር ክብደቱ ደረትና ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሲለቀቅ ወደ መሬት ይወርዳል። መመሪያዎቹ የሚጀምሩት ግን አናትን ወደ ላይ በማቅናት ነው። ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ቅደም ተከተል ነው፤ አናቱ ሳይቀና ሰውነቱን የሚለቅ ሰው ይዘባል እንጂ አይፈታታም። ለዚህኛው ጉድለት ቻይናውያን «ሽዬ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው። የእኛ «መላላት» የሚስማማው ለእሱ ነው።

መምህሩ ተማሪው መፍታታቱን የሚፈትነው በእጁ ነው። የተማሪውን ክንድ ከሥር ደግፎ ያነሳና ድጋፉን በድንገት ይነሳዋል። ክንዱ አየር ላይ ከቀረ፣ ተማሪው ሳይታወቀው ራሱ ተሸክሞት ኖሯል። በክብደቱ ዝርግፍ ካለ ትከሻው ተፈትቷል። «ቱዪ ሾው» በተባለው የሁለት ሰው የመገፋፋት ልምምድ ደግሞ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፦ ትከሻው የተገተረውን ሰው ክንዱን ሲገፉት መላ አካሉ ይናጋል፤ የተፈታታው ግፊቱን በወገቡ በኩል ወደ እግሩ ያወርደዋልና ገፊው የሚደገፍበት ያጣል።

ስለ አማርኛው አጠቃቀም ሁለት ማሳሰቢያ። በስፖርት ሜዳ «ሰውነት ማፍታታት» ከጨዋታ በፊት የሚደረግ ማሟሟቂያ ነው፤ በታይ ቺ ግን መፍታታት ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ የሚጠበቅ ነው። «ፈታ በል» ደግሞ በከተማው ቋንቋ «ተዝናና» ማለት ሆኗልና ለማዘዣ አይሆንም። መምህሩ የአካሉን ስም እየጠራ «ትከሻህን ፍታ»፣ «ወገብሽን አፍታቺ» ቢል ተማሪው የቱን መልቀቅ እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል።